አንደበት የሚፈታበት መድረክ፤ ስለ ተማሪ ቤት ቴያትርና ስለ እንግሊዝኛ ንግግር

ከዊንጌት አደባባይ ተነሥቶ ቀለበት መንገዱን በመያዝ በ18 ማዞሪያ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢጥል፣ በየፎቁ ግንባርና በየመብራቱ ምሰሶ ላይ «የእንግሊዝኛ ንግግር በአጭር ጊዜ እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ ሳያይ ብዙ አይራመድም። ይህን ማስታወቂያ ቆመው የሚያነቡት ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ያስደንቀዋል፤ እንግሊዝኛ ያልተማሩ ሰዎች አይደሉምና። አብዛኞቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት የተማሩ፣ በላይኞቹ ክፍሎች ደግሞ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተቀበሉ ናቸው። 12 ዓመት በቋንቋው ተምረው ሲያበቁ ቋንቋውን ለመናገር እንደ ገና ገንዘብ ይከፍላሉ።

እኛም በዚሁ በኮልፌ አካባቢ ተወልደን የተማርን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንንም ጨርሰን በመንግሥት ሥራ ላይ የተሰማራን ስለ ሆንን ነገሩን ከሩቅ ቆመን የምናየው አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሰን አንብበን መልሱን እናረቃለን፤ ደብዳቤውን የጻፈው እንግዳ በበሩ ሲገባ ግን እርስ በርስ እየተያየን «አንተ አነጋግረው» መባባላችን የቢሮ ወዳጆቻችን ሁሉ የሚያውቁት ምስጢር ነው። ጉድለቱ የሰዋስው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውም ባልተረቀቀ ነበር። እንግዲህ የጎደለው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ሕፃን ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን፤ አባቶቻችን ይህን ሲሉ ንግግርን የሚያህል ነገር በሕፃኑ አፍ ውስጥ ተቋጥሮ እንደሚቈይ ተረድተውት ነበር። በእንግሊዝኛ በኩል የእኛ አፍ ብዙ ተምሮ ያልተፈታ አፍ ነው። ይህ ቋጠሮ በትምህርታችን ታሪክ ውስጥ የት የት ሲፈታ እንደ ታየ ብንመረምር፣ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ደጋግመን የምናገኘው ቴያትር የሚሠራበትን መድረክ ነው። ይህንን ለማስረዳት ግን ከእንግሊዝኛው አስቀድሞ የነበረውን ማንሣት ያስፈልጋል።

ማንም በቤቱ የማይነጋገርበትን ቋንቋ ለተማሪ አስተምሮ በሰው ፊት ማስነገር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ግእዝ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ የሚሰማው ቋንቋ መሆኑ ካበቃ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የቅኔ ቤት ተማሪ በግእዝ ያስባል፣ በግእዝ ይቀኛል። ይህ የሚሆነው እንዴት ነው? ተማሪው አስቀድሞ ግሱንና እርባታውን ያጠናል፤ ከዚያም ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቈጥራል። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከፍ እያለ ሄዶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። ሲመለስ የቈጠረውን ጽፎ ለመምህሩ አያስረክብም፤ በመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ጓደኞቹ እየሰሙት፣ በቃሉ ይነግራል እንጂ። የተሳሳተ እንደ ሆነ መምህሩ ያቀናለታል፤ ጓደኛው ይስቅበታል፤ በማግሥቱ ደግሞ ተነሥቶ ይነግራል። ስሕተቱን ደብቆ የሚቀመጥበት የኋላ ወንበር በቅኔ ቤት የለም።

በአውሮፓም ላቲን የሞተ ቋንቋ ከሆነ በኋላ የእንግሊዝ ተማሪ ቤቶች የሮማውያኑን የቴሬንስንና የፕላውተስን ኮሜዲ ልጆቻቸውን ያስጠኑና ያስጫውቱ ነበር። በለንደን የዌስትሚንስተር ተማሪ ቤት በየዓመቱ የላቲን ቴያትር እንዲያሳይ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1560 በወጣው ደንብ ታዝዟል። የኢየሱሳውያን ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1599 ባወጣው የትምህርት ሥርዓት በላቲን የሚሠራ ቴያትርን ለተማሪ ቤቶቹ ፈቅዷል። ቈየት ብሎም ሄንሪ ኮልድዌል ኩክ የተባለ፣ በካምብሪጅ በፐርስ ተማሪ ቤት ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅ በደንብ የሚማረው ተቀምጦ በመስማት ሳይሆን ራሱ በመሥራትና በመጫወት ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን የምንጠቅሰው ፈረንጅን ለማድነቅ አይደለም። ወደ አገራችን የመጡት የእንግሊዝ መምህራን ቴያትርን ስለ ምን ከመማሪያ መጻሕፍታቸው ጋር አብረው ጭነው እንደ መጡ እንዲታወቅ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ቴያትርና ተማሪ ቤት ገና ከጥንቱ የተዛመዱ ናቸው። በሩስያ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቴያትር ጽፈው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ። የአውሬዎቹ ንግግር የሹማምንቱን አመል የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ ቴያትር ለጥቂት ዘመን ተከለከለ። ክልከላው ሲላላ ነገሩን እንደ ገና ያነሡት ሆቴሎቹ ሳይሆኑ ተማሪ ቤቶቹ ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና አቶ መላኩ በጎሰው መምህራን ሳሉ የጻፏቸውን ቴያትሮች የሚጫወቱት ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው መሆናቸውን ልብ ይሏል። የቅኔ ነገራ ልማድ ወደ አዲሱ መድረክ የተሻገረው እንዲህ ባሉ ሰዎች አማካይነት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በዚያ ዘመን ግን የመድረኩ ቋንቋ አማርኛ ነበር። የውጭ ቋንቋ ሲባል በሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤትም በዋናነት ያስተምር የነበረው በእርሱ ነው።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ። መጻሕፍቱ ከእንግሊዝ፣ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ከእንግሊዝ፣ ፈተናውም የለንደን ዩኒቨርሲቲ ማትሪኩሌሽን ሆነ። ታላላቆቻችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና እስከ ዛሬ ድረስ «ማትሪክ» እያሉ የሚጠሩት ከዚያ በተረፈ ቃል ነው። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ በከተማዋ ምዕራብ፣ ዛሬ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ካለበት ወደ ኮልፌ በሚወስደው በኩል፣ የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ስሙ የተሰጠው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን የጌዴዎን ጦር ለመራውና እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ለሞተው ለኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። ትምህርት ቤቱን ብሪቲሽ ካውንስል ይረዳው ነበር፤ ተማሪዎቹም አዳሪዎች ነበሩ።

አዳሪ ተማሪ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ የዛሬ ወጣት በቀላሉ አይገምተውም። አንዱ ልጅ ከአምቦ፣ ሌላው ከሐረር፣ ሌላው ከጎንደር መጥቶ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ከመምህሩ ጋር የሚገናኘው በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በኳስ ሜዳም፣ በምግብ አዳራሽም፣ በክርክር ማኅበርም ነው። ምሽቱ ረጅም ነው፤ ወላጅ ዘንድ የሚኬድበት የለም። በእንግሊዝ አገር በእንዲህ ያሉ ተማሪ ቤቶች ይህን ረጅም ምሽት የሚሞላው አንዱ ነገር ቴያትር ነው፤ ልማዱም ከመምህራኑ ጋር አብሮ መጣ።

ቴያትር ለቋንቋ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር መመልከት ተገቢ ነው፤ ብዙዎች ቃል በቃል ማጥናት ብቻ መስሎ ይታያቸዋልና። በክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ይነበብና ይታለፋል። በቴያትር ልምምድ ግን ያው ዓረፍተ ነገር ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚመላለሰውም ለቅጣት ሳይሆን ነገሩ ገና ስላላማረ ነው። ተማሪው ድምፁ በአዳራሹ መጨረሻ ለተቀመጠው ሰው እንዲደርስ ሲል ትንፋሹን ይመጥናል። በእንግሊዝኛ «በግ» እና «መርከብ» የሚባሉት ቃላት የሚለያዩት በመካከላቸው ባለው አንድ አናባቢ ብቻ ነው፤ የእኛ ጆሮ ያን ልዩነት አይለምደውም። በደብተር ላይ ሁለቱን ማምታታት ማንንም አይጎዳም። በመድረክ ላይ ግን እረኛ ሆኖ የቆመው ልጅ «መርከቤ ጠፋብኝ» ብሎ ቢጮኽ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ ያንን አናባቢ ዕድሜውን ሙሉ አይስተውም። ደግሞም ተዋናይ የራሱን ቃል ብቻ ይዞ አይቆምም፤ ጓደኛው የሚለውን ጠብቆ፣ ሰምቶ፣ በሰዓቱ መመለስ አለበት። መስማት የንግግር ግማሽ መሆኑን መድረክ ሳይሰብክ ያስተምራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የአገራችን ተማሪ እንግሊዝኛ እንዳይናገር የሚከለክለው አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ቢሳሳት ይሣቅበታል፤ ባይሳሳት ደግሞ «ፈረንጅ ሆንህ እኮ» ይባላል። ሁለቱም ያሳፍራል። የቴያትር ልብስ የለበሰ ልጅ ግን በዚያ ሰዓት እርሱ ራሱ አይደለም፤ ንጉሥ ነው፣ ወይም ሌባ ነው፣ ወይም የሠርግ ሽማግሌ ነው። ቢሳሳትም የተሳሳተው ንጉሡ ነው። ከዚህ መሸፈኛ በስተኋላ ሆኖ አፉን ይፈታል።

ለዚህ ነገር ከታወቁት ሰዎች መካከል ከሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚበልጥ ምስክር አናገኝም። ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ግእዝንና ቅኔን ቀምሰዋል። ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ቴያትር ጽፈው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታየ። ዲዮኒስዮስ የጥንቱ የሲራኩስ ገዥ ነው፤ እርሱና ሁለት ታማኝ ወዳጆች ያሉበት ታሪክ በእንግሊዝኛ የንባብ መጻሕፍት የታወቀ ስለ ሆነ፣ የአምቦው ልጅ መነሻውን ያገኘው ከዚያ ይመስለናል። አስቡት፤ ሌላው ተማሪ አንብቦ ጥያቄ የሚመልስበትን ምንባብ እርሳቸው በሰው አፍ አስነገሩት። ከዚያ ወደ ዊንጌት፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1959 በቺካጎ ሕግ አጠኑ፤ ወዲያውም በለንደን የሮያል ኮርትን፣ በፓሪስም የኮሜዲ ፍራንሴዝን የቴያትር አሠራር ተመለከቱ። «ቴዎድሮስ» የተባለውን ቴያትር በመጀመሪያ የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውንም በእንግሊዝኛ ግጥም ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1965 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው። የሚያስደስተን ግን እዚያ አለመቅረታቸው ነው። በእንግሊዝኛ የተፈታው አንደበት ወደ አገሩ ተመልሶ ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አናገረ። ለሼክስፒር የአማርኛ መንገድ የከፈቱት ቀደም ብለው «ሮሜዎና ዡልየት»ን የተረጐሙት ክቡር ከበደ ሚካኤል መሆናቸውን ሳንዘነጋ ነው።

አቶ መንግሥቱ ለማንም ማንሣት ይገባል። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ በቅኔ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በለንደን ተምረው ሲመለሱ ግን የጻፉት ስለ ለንደን ሳይሆን ስለ ጠለፋና ስለ ያላቻ ጋብቻ ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን በአማርኛ ጽፈው ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሷቸው። ዮፍታሔ፣ መንግሥቱ፣ ጸጋዬ፤ ሦስቱም ወደ መድረክ የመጡት በቅኔ በኩል ነው። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው የሚል ካለ አንከራከረውም፤ እኛ ግን አይመስለንም።

ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሲቋቋም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚጻፉ ቴያትሮች አንድ መድረክ አገኙ። የመጀመሪያው ዋና ሹም አሜሪካዊው ፊሊፕ ካፕላን ሲሆኑ፣ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥተው በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴያትር ያጠኑት አቶ ተስፋዬ ገሠሠም ማዕከሉን በኋላ መርተውታል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ እነዚህ ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ስለ ነበሩ ከተማሪው ጋር መጫወትን አይንቁም ነበር።

ኮልፌን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር በጎን እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ትምህርት ለመቅሰም ኮልፌ ከነበረው የፖሊስ ጦር ሰፈር ገብተው ነበር። እኚህ ሰው በኋላ በሮበን ደሴት ታሥረው ሳሉ እስረኞች በገና ሰሞን በሚያሳዩት ቴያትር፣ በሶፎክሊስ «አንቲጎኔ» ውስጥ ንጉሡን ክሬዎንን ሆነው እንደ ተጫወቱ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። የሰፈራችን ሰዎች ስለ ጠመንጃው ሲያወሩ እንሰማለን፤ ስለ ቴያትሩ ግን ሲያነሡ አልሰማንም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ያን ዘመን ስናነሣ የወርቅ ዘመን ነበር ብለን ልናታልል አንፈልግም። ዊንጌት የገባው ከብዙ ሺህ ልጅ አንዱ ነው፤ ተመርጦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ለጥቂት ተማሪ አንድ መምህር ተመድቦለት ነው። በሌላው ትምህርት ቤት ልጆች ትርጉሙን ያላወቁትን የሼክስፒር ንግግር እንደ ዳዊት ደግመው ጭብጨባ ተቀብለው መውረዳቸውም የቀረ አይመስለንም፤ ይህ ቃል ማጥናት እንጂ መናገር አይደለም። እንግሊዝኛው አማርኛውን እንዳይውጠው የሰጉም ነበሩ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ መደረጉ መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን እንግሊዝኛ በላይኞቹ ክፍሎች ሲቀር፣ ከታች ያልተናገረ ልጅ ከላይ በምን አፉ ይናገራል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አለፈ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የውጭ መምህራኑ ቀስ በቀስ ሄዱ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ መድረኩ እንደ ቀድሞው ሳይሆን ለሰፊው ሕዝብ ሆነ፤ ቋንቋው ግን የአገር ቋንቋ ነበር፤ መሆንም ይገባው ነበር። እንግሊዝኛው «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» በሚለው መጽሐፍ ገጾች ውስጥ ተቀመጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ተማሪው በዛ፣ ትምህርት ቤቱ በዛ፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዊንጌትም ዛሬ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ለብዙ የኮልፌና የጉለሌ ልጆች ሙያ ያስተምራል።

እኛ ሁለተኛ ደረጃ የገባነው በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣው የቴሌቪዥን ትምህርት በተጀመረበት ጊዜ ነው። ፕላዝማ እንለው ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው እርሱ ነው፤ መምህሩ በመግቢያና በመውጫ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቀንና ጥቂት ይጠብቃል፤ ከ70 የማናንስ ልጆች ዝም ብለን እናየዋለን፤ እርሱም መልሳችንን ሳይሰማ «ጎበዞች! ትክክል ነው!» ብሎ ያመሰግነናል። በእንግሊዝኛ ያን ያህል ተሞግሰን አናውቅም።

ታዲያ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን መብራት ይጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ ፕላዝማው ይጠፋል፤ ሌሎቹ መምህራን ማስታወሻ ያስጽፉናል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን ኖራውን አስቀምጠው «እስቲ ዛሬ አጠና ተራ እንሂድ» አሉን። መሄዳቸው ግን ከክፍሉ ሳይወጡ ነው። ሁለት ወንበር ከፊት አቆሙ፤ አንዱን ለአጠና ሻጭ፣ አንዱን ለገዢ ሰጡ፤ የተጻፈ ቃል የለም፤ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አማርኛ የተናገረ ይወርዳል። ገዢ እንዲሆን የወጣው በክፍላችን በእንግሊዝኛ የሚመሰገን ልጅ ነበር። ሻጭ እንድትሆን የተጠራችው ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው ልጅ ናት። ወላጆችዋ በእውነትም አጠና ሻጮች ነበሩ፤ መምህሩ ይህን ዐውቀው ነበር ወይስ አላወቁም፣ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ልጁ ከሰዋስው መጽሐፍ የወጣ የሚመስል ረጅም ጥያቄ ጠየቀ። እርስዋ አልመለሰችም። ወንበሩን እንደ አጠና ክምር ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ዋጋውን ጠራች። ልጁ ውድ ነው አለ። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች። እንጨቱ የደረቀ መሆኑን ለመናገር ቃሉ ሲጠፋባት በጣትዋ አንኳኩታ አሰማችው፤ ቀጥ ያለ መሆኑን ለመናገር ክንድዋን ዘርግታ አሳየችው፤ የትላንቱን ግስ በዛሬው ግስ ቀላቅላ፣ ስምን ከግስ አጣልታ፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጥ ተከራከረች። ልጁ ሦስት ጊዜ ቀንሽ አላት። በሦስተኛው እጅዋን ወገብዋ ላይ አድርጋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «አንተ ገዢ አይደለህም፤ አንተ ተናጋሪ ብቻ ነህ» አለችው። ክፍሉ ሣቀ፤ ያን ዕለት ግን የተሣቀው በእርስዋ ላይ አልነበረም። መብራቱ መጣና ፕላዝማው መናገር ጀመረ። መምህሩ ሄደው ድምፁን ዝቅ አደረጉት።

ያ ዓመት እስኪያልቅ መብራት በጠፋ ቍጥር ተራ እየያዝን ወጣን፤ ሐኪምና በሽተኛ፣ የታክሲ ረዳትና ተሳፋሪ፣ የቀበሌ ጸሐፊና ባለ ጉዳይ ሆንን። አዳራሽ አልነበረንም፤ መጋረጃ አልነበረንም፤ ያስተማረን እንግሊዛዊም አልነበረም። የዊንጌትን ያህል እንዳልሆንን እናውቃለን። ነገር ግን ከቴያትር የሚገኘው ጥቅም ዋነኛው ክፍል ብር የማይጠይቅ መሆኑን ያኔ አይተናል፤ ከቅኔ ቤቱም ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበረበት፤ ቆሞ መናገር፣ መታረም፣ በማግሥቱ ደግሞ መቆም። የሚጠይቀው አንድ ከባድ ነገር የመምህሩን ድፍረት ነው። ተማሪው ያለ ጽሑፍ ሲናገር መምህሩም ያለ ጽሑፍ መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ መምህራንም እንደ እኛው በጥቍር ሰሌዳ ፊት የተማሩ መሆናቸውን ስናስብ ብዙዎቹ ስለ ምን ማስታወሻ ማስጻፉን እንደሚመርጡ ይገባናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ ተማሪውን ሳይሆን በመጀመሪያ መምህሩን መድረክ ላይ ማውጣት ያሻል የምንለው ስለዚህ ነው።

የማይታለፍ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ፈተናው ነው። ከማትሪኩ ዘመን ተነሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ብሔራዊው የእንግሊዝኛ ፈተና የተማሪውን እጅ እንጂ አፉን ጠይቆ አያውቅም። በእኛ ጊዜ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተባለ የሚጠቈር ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል፤ ሁሉም የየራሱ እውነት ይኖረዋል። ጥያቄው ሁሉ የተጻፈበትን ቋንቋ ተማሪው ስንት ጊዜ ለሰው ተናግሮበት ያውቃል ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልሰማንም። በማይፈተን ነገር ላይ ጊዜ የሚያጠፋ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ የእኛም መምህር ቴያትራቸውን የሚሠሩት መብራት ሲጠፋ ብቻ የነበረው ለዚህ ነው።

ያች ልጅ የ10ኛ ክፍል ውጤትዋ ለመሰናዶ አልበቃትም። በእንግሊዝኛ ያገኘችውም ዝቅተኛ ነበር፤ ውጤቱ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ አይተነዋል። የገዢው ልጅ አለፈ፤ እኛም አለፍን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢያችንን ልናሳጥር አጠና ለመግዛት ወደ ተራው ሄድን። ከክምሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት፤ ሥራውን ከወላጆችዋ ተረክባለች። ተሳስመን፣ የቤተ ሰቡን ደኅንነት ተጠያየቅን። ዋጋውን በአማርኛ ጠራች። እኛም እንደ ደንቡ ቀንሺልን አልናት፤ አሁንም ቀንሺልን አልናት፤ በሦስተኛው ጊዜ ተነሥታ እጅዋን ወገብዋ ላይ አድርጋ፣ ያን መብራት የጠፋበትን ቀን ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛ፣ ሳትስት መለሰችልን። አጠናውን በጠራችው ዋጋ ገዛን።